ጉልቻ ቢለዋወጥ ሽሮፕ ያጣፍጣል

እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ምን እየሠራህ ነው?» ስትለኝ «ሽሮፕ እያፈላሁ» አልኳት። «ምነው፣ አሞሃል?» አለች፤ የሳል መድኃኒት መስሏት ነው። «ኧረ የለም እማዬ፣ ከዛፍ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው፤ 40 ጋሎኑን አፍልቼ አፍልቼ 1 ጋሎን ሲቀረኝ...» ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ጸጥ አለ። ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ልጄ፣ እዚያ አገር ስኳር ጠፋ እንዴ?» አለችኝ።

ስኳርስ ሞልቷል። የጠፋው የእኔ ልብ ነው።

የምኖረው ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ነው። ጓሮዬ ውስጥ አራት ስኳር ሜፕል ዛፎች አሉ፤ ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ፣ የእርሳቸውን ስድስት ጨመሩልኝ። በማርች አጋማሽ ሌሊቱ ከዜሮ በታች እየወረደ ቀኑ 5 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ዛፉ ውሃ ይለቃል። በ8 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ጥቂት ወደ ላይ አዘንብሎ መብሳት፣ ማንጠባጠቢያውን ቀስ አድርጎ መምታት፣ ባልዲ ማንጠልጠል፤ አለቀ። ግንዱ ከ30 ሳንቲ ሜትር ከቀጠነ አይነካም፤ 45 ካለፈ ሁለት ቀዳዳ ይችላል። የእኛዎቹ ሁሉም ወፋፍራም ስለሆኑ 20 ቀዳዳ ወጣኝ። ኦጂብዌዎች፣ የአገሩ የጥንት ነዋሪዎች፣ ይህን ሥራ ከሁሉም በፊት ያውቁታል፤ ኤፕሪልን የሚጠሩትም በዚሁ ማፍላት ስም ነው። እኔ የማውቀው ቡና ማፍላት ነበር።

መጀመሪያ ያፈላሁት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። በሁለት ትልልቅ ድስት 10 ጋሎን። ከ10 ጋሎን ውሃ የሚገኘው ሽሮፕ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም። የቀረው 37 ሊትር ገደማ ውሃ የት ይሄዳል? ቤቴ ውስጥ ነበር። መስኮቱ አለቀሰ፣ የኮርኒሱ ቀለም እንደ ሽንኩርት ተላጠ፣ የጭስ ማስጠንቀቂያው አበደ። ባለቤቴ ፎጣ ተከናንባ መጣችና «ሳውና ካማረህ ጂም ብትመዘገብ ይረክስልናል» አለችኝ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው፦ ቤት ውስጥ የሚፈቀደው የመጨረሻዋን ግማሽ ጋሎን ማብሰል ብቻ ነው።

ከዚያ የተርኪ ዶሮ የሚጠበስበትን የፕሮፔን ምድጃ ደጅ አወጣሁ። ይሠራል፣ ግን ኪስ ያራቁታል። ግማሹ ሙቀት በድስቱ ጎን ስለሚያመልጥ አንድ የ20 ፓውንድ ሲሊንደር 20 ጋሎን ያህል ቢያተን ነው። ለአንድ ጋሎን ሽሮፕ ሁለት ሲሊንደር ማለት ነው። ለሦስት ለአራት ቀዳዳ ይሁን፤ ለ20 ግን ጋዝ ሻጩን ማክበር ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት አባቶች ሜፕል አላፈሉም። እዚህ ጉልቻው ነው ነገሩ ሁሉ። ማትነኛ ምድጃ፣ የሙያው ሰዎች ኢቫፖሬተር የሚሉት፣ የሚመረጠው እሳቱ በሚልሰው የትሪ ስፋት ነው፤ ጥልቀት ዋጋ የለውም። ጥሩ የእንጨት እሳት ላይ አንድ ካሬ ጫማ ትሪ በሰዓት አንድ ጋሎን ያህል ያተናል፤ ምድጃው ሰነፍ ከሆነ ሦስት አራተኛ፣ ከዚያም በታች። 20 ቀዳዳ ጥሩ በፈሰሰበት ቀን 40 ጋሎን ይሰጣል። ውሃው እንደ ወተት ስለሚበላሽ በረዶ ውስጥ ተቀብሮም ቢሆን ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም። እኔ እሳት ዳር 7 ሰዓት መቆም እችላለሁ። 40 ለ7 ሲካፈል ወደ 6 ካሬ ጫማ፤ 2 በ3 ጫማ የሆነ ትሪ ማለት ነው። ይህን ስሌት ሳይሠሩ የሚገዙ ሰዎች ወይ እስከ ንጋት ይቆማሉ፣ ወይ ትሪው ይበልጣቸዋል። መብለጡም ችግር ነው፦ ትሪው ውስጥ ሁልጊዜ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ፈሳሽ መኖር አለበት፤ ለ2 በ3 ትሪ ይህ ብቻውን ከ6 እስከ 7 ጋሎን ተኩል ገደማ ይፈጃል። አምስት ቀዳዳ ያለው ሰው ጥሩ በፈሰሰበት ቀን እንኳ ከሚያገኘው አብዛኛው ትሪውን ለመሙላት ይሄድበታል።

እኔ ግን ስሌቱን የሠራሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው። መጀመሪያ ብሎኬት ደርድሬ፣ ሦስት የቡፌ ትሪ ከላይ አጋደምኩ፤ 12 በ20 ኢንች የሆኑት፣ ሠርግ ቤት ጥብስ የሚቀርብባቸው። ሦስቱ አንድ ላይ 5 ካሬ ጫማ ናቸው። ርካሽ ነው፣ ለጀማሪም አይከፋም። ብሎኬቱ ግን ለእሳት አልተሠራም፤ ውስጡን እሳት በሚችል ጡብ ካልለበጡት በአንድ ወቅት ይሰነጠቃል። የእኔው በሦስተኛው ሰዓት «ቷ!» ሲል ጎረቤቴ መጋረጃቸውን ገልጠው አዩኝ።

ያም ባልከፋ። ምድጃውን የሠራሁት በበረዶ በደረቀ መሬት ላይ ነበር፤ ሲሚንቶ የመሰለኝ መሬት። እሳቱ ሲግል ሥሩ ያለው መሬት መቅለጥ ጀመረ፤ ያውም በአንድ በኩል። ምድጃው እንደ ሰከረ ሰው ቀስ እያለ ዘመመ። እኔ በስተግራ ቆሜ ትሪው ሞልቶ እያየሁ ደስ ይለኛል፤ በስተቀኝ ጥጉ ደርቋል። መጀመሪያ የጥጥ ከረሜላ ሽታ መጣ፣ ደስ የሚል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ የተቃጠለ ጎማ። ስኳር ከመጣፈጥ ወደ ከሰል ሲሄድ መሃል ላይ ፌርማታ የለውም።

አሁን መጀመሪያ ጠጠር አፍስሼ የንጣፍ ድንጋይ እደረድራለሁ፣ ውሃ ልክ አስቀምጣለሁ፣ በየሰዓቱም እንደገና እለካለሁ። አንድ ባልዲ ያልፈላ ውሃ ደግሞ ሁልጊዜ አጠገቤ አለ፤ ትሪው መድረቅ ሲጀምር ሳያስቡ የሚደፋ። ማገዶ መጨመርም ከማብቂያው ግማሽ ሰዓት ወይም 45 ደቂቃ ቀድሞ ይቆማል፤ እሳቱ ቢጠፋም ጡቡ ቂመኛ ነው፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል።

ዘንድሮ 2 በ3 ትሪ ገዛሁ፤ ውስጡ በመከፋፈያ የተሠራ። ጥሬው ውሃ በአንድ ጫፍ ይገባል፣ በመስመሮቹ እየዞረ ይወፍራል፣ በሌላው ጫፍ በቧንቧ ይወጣል። ስትገዙ በአርጎን የተበየደ ስቴንለስ ይሁን። ርካሽ ያረጀ ትሪ ካገኛችሁ ብየዳውን መርምሩ፤ ድሮ በእርሳስ ይበየድ ነበርና ለግድግዳ ጌጥ እንጂ ለምግብ አይሆንም። በርሜል ቆርጦ ምድጃ ማድረግም ይቻላል፤ ብቻ ቀለሙ መጀመሪያ ባዶውን ተቃጥሎ ይለቅ፣ ዚንክ የተቀባ በርሜል ደግሞ ጭራሽ ይቅር።

የጭስ ማውጫው ቁመት የትሪው ርዝመት እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ3 ጫማ ትሪ 6 ጫማ። አጭር ሲሆን እሳቱ ይተኛል፣ ጭሱም ዓይንህን ይፈልጋል። አየር ከማገዶው በታች በፍርግርግ በኩል ይግባ። የምድጃው ወለል ወደ ኋላ እየሄደ በጡብና በአሸዋ ከፍ ይበል፤ ነበልባሉ የትሪውን ሆድ እየላሰ ይለፍ፣ ዝም ብሎ ወደ ሰማይ አይብረር። ማገዶው የደረቀና እንደ እጅ አንጓ የቀጠነ ይሁን፤ በየ8 እና በየ10 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት ይጨመራል። አንዴ ግንድ ሙሉ ከትቼ ወደ ቤት ሻይ ልጠጣ ገባሁ። ስመለስ ትሪው ላይ የገዳም ያህል ጸጥታ ሰፍኗል። ቀዝቃዛ ውሃ በአንድ ጊዜ መድፋትም እንዲሁ መፍላቱን ይገድለዋል፤ ለዚህ ሲባል ከኋላ፣ ጭስ ማውጫው አጠገብ፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚያንጠባጥብ ሌላ ትሪ ይቀመጣል፣ ውሃው ሞቆ እንዲገባ።

እንግዲህ ወደ ቅሌቱ። ስኳሩ ሲወፍር አረፋ ይነሣል፤ እንደ ወተት ገንፍሎ እሳቱ ላይ ይወርዳል። መድኃኒቱ ጠብታ ስብ ነው። ስብ የአረፋውን ቆዳ ይበጥሰውና ዓይንህ እያየ ይረግፋል። ጎረቤቴም «አንዲት ጠብታ ቅቤ» ብለውኛል። አረፋው ሲነሣ ወደ ቤት በረርኩ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩ፣ ያገኘሁት እናቴ የላከችው የቅቤ ማሰሮ ነው። ጠብታ ማን ይለካል፤ በሾርባ ማንኪያ ጣል።

አረፋው ወዲያው ሞተ። ከትሪው የተነሣው እንፋሎት ግን ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸት ጀመር። ለካስ ንጥር ቅቤ ነው፦ ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ እርዱ፣ ሁሉም በክብር ገብቷል።

ተስፋ አልቆረጥኩም። ሽሮፕ የሚደርሰው በዚያው ቀን ውሃ ከሚፈላበት ሙቀት በ4 ዲግሪ ሲበልጥ ነው፤ የአየር ግፊት ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ ተራ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትሩን ማየት ያስፈልጋል። ደረሰ። ሃይድሮሜትሩ፣ የስኳሩን መጠን የሚለካው፣ ትኩሱ ላይ 59 አለ፤ ልክ ነው። ከዛፉ የሚመጣውን አሸዋ መሰል ዝቃጭ ለማስቀረት በሙቅ ውሃ በራሰ ወፍራም የሱፍ መሰል ማጣሪያ ውስጥ ስገለብጠው ግን አልወርድ አለ። ቅቤው ቀዳዳውን ደፍኖታል። ማጣሪያ መጭመቅ ክልክል ነው፣ ዝቃጩን መልሶ ያሳልፋልና። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ ጠላ ጠባቂ ተቀመጥኩ። በ85 ዲግሪ ወደ ጠርሙስ መቅዳት ሲገባኝ ሦስት ጊዜ አሞቅኩት።

ባለቤቴ ከሥራ ገባች። አሸተተች። ማሰሮውን አየች።

«ይሄ የፋሲካ ቅቤ አይደለም?»

«ጠብታ ነው...»

«ሑዳዴ ላይ ነን እኮ አንተ! ለቤተ ክርስቲያን እናቶች የጾም ማጣፈጫ ብለህ ቃል የገባኸው ይሄንን ነው?»

የሜፕል ወራት ሁልጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ እንደሚውል ያኔ ነው የገባኝ። ዘጠኙም ጠርሙስ «የፍስክ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት መደርደሪያ ላይ ፋሲካን መጠበቅ ጀመረ። አሁን ምድጃው አጠገብ የሱፍ ዘይት ጠርሙስ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ በእንጨት ጫፍ ነክቶ አንድ ጠብታ፣ ካልበቃ ሌላ ጠብታ።

አንዷን ጠርሙስ ለጎረቤቴ ወሰድኩላቸው፤ ዛፉ የእርሳቸው፣ ጾም የለባቸው። ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ደግመው ቀመሱ።

«ይሄ ከየትኛው ዛፍ ነው?» አሉኝ።

ምን ልበል? «ከጥጉ» አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት በመስኮት ሳይ ሽማግሌው በሌሊት ልብሳቸው ከጥጉ ዛፍ ሥር ቆመው ግንዱን ያሸታሉ።