«የሚጋጭ መልስ» ላርም ሄጄ

የማስተርስ ጥናቴ ቀላል መስሎኝ ነበር። ባልና ሚስትን ለየብቻ መጠየቅ፣ ከዚያ ስለ እርግዝና መከላከያ የሰጡት መልስ ይገጥም እንደሆነ ማየት። የሠራሁት ልደታና ተክለሃይማኖት አካባቢ ነው። ሚስቶቹን እኔ፣ ባሎቹን አንድ ወንድ ባልደረባዬ።

መጀመሪያ ያደናቀፈን ቃሉ ነው። ባልደረባዬ አንዱን አባወራ «መከላከያ ትጠቀማላችሁ?» ቢለው የኳስ ቡድኑን መስሎት «እኔ የጊዮርጊስ ደጋፊ ነኝ» አለው። ሳቅን። ማታ ቅጾቹን ሳያቸው ግን ነገሩ የቀልድ ብቻ አልነበረም። ለብዙዎቹ ሚስቶች መከላከያ ማለት ጤና ጣቢያ የሚሰጣቸው ነገር ነው። በየ3 ወሩ የሚወጉት መርፌ፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረው፣ ማህፀን ውስጥ የሚገባው ሉፕ፣ ኪኒን። ቀን መቁጠር አይገባበትም። ኮንዶምም አንዳንዴ አይገባም። አንዷ «ምንም አንጠቀምም» አለችኝ፤ ባሏ ደግሞ «ቀን እንቆጥራለን» ብሏል። ማናቸውም አልዋሹም።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርነው። «ትጠቀማላችሁ ወይ?» ቀርቶ እያንዳንዱን ዘዴ በስሙ እያነበብን «በዚህ ወር?» ማለት ጀመርን። አለመግባባቱ ቀነሰ። አልጠፋም።

የቤቱ ነገርም አለ። አንድ ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ «ለየብቻ» የሚባል ነገር የለም። ልጆች፣ አማት፣ ቴሌቪዥን፣ ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተራ በተራ ስንጠይቅ ባልየው ከመመለሱ በፊት «እሷ ምን አለች?» ይላል። በኋላ ባልደረባዬ ባልየውን ደጅ ይዞ እየወጣ ሁለቱንም በተመሳሳይ ሰዓት መጠየቅ ያዝን።

ትልቁ ጥፋቴ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንድ ማታ የሁለት ቅጽ መልስ ተጋጨብኝ። ሚስት፦ መርፌ። ባል፦ ምንም፣ ልጅ እንዲኖረን እየሞከርን ነው። አንዳችን ተሳስተን ሞልተናል ብዬ በማግስቱ ብቻዬን ሄድኩ። በሩን የከፈተው እሱ ነው።

«ትናንት ከሞላነው ላይ የሚጋጭ ነገር አግኝቼ ነበር» አልኩ።

«ምኑ ነው የሚጋጨው?»

ከኋላው ሚስቱ ጀበናዋን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ ገባኝ። ጉሮሮዬ ደረቀ። «የትውልድ ዓመታችሁን ነው» አልኩ። እሱም ሳይሰለች የሁለቱንም ነገረኝ። እኔም ጻፍኩ፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ልትሸኘኝ ወጣች። «እህቴ፣ ሁለተኛ እንዳትመጪ» አለችኝ። «ካርዱን እንኳ የማስቀምጠው ጎረቤት ነው።»

ጥናቶቹን አንብቤያቸዋለሁ። በብዙ አገር ከሚስቶች ይልቅ ባሎች «እንጠቀማለን» ይላሉ። አንዱ ምክንያት ኮንዶም ነው፤ የት እንደተጠቀመበት ደግሞ ቅጹ ሁልጊዜ አይጠይቅም። ሚስት ደብቃ ስትጠቀም ግን ልዩነቱ ይገለበጣል። ይህንን በወረቀት አውቀዋለሁ። በር ላይ ቆሜ ግን ረሳሁት። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገራችን ካገቡ ሴቶች 36 በመቶው የሆነ ዘዴ እንጠቀማለን ብለዋል፤ 23 በመቶው መርፌ። መርፌ ቤት ውስጥ ምንም አይተውም። ማሸጊያ የለው፣ ክንድ ላይ የሚዳሰስ የለው። የቀረችው ያቺ የቀጠሮ ካርድ ብቻ ናት።

ከዚያ ቀን በኋላ መልስ ለማስታረቅ ማንም ቤት አልተመለስኩም። የባልና የሚስት ቅጾችንም እዚያው ሰፈር ላይ ጎን ለጎን ማየት ተውኩ፤ በኮድ የሚገናኙት ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ነው። ባልየው «ለእሷም ይህንኑ ጠየቃችሁ?» ካለ «ስለ ጤና ነው» እንላለን። እውነትም ነው።

ጥናቱን ሳቀርብ አንድ መምህር «ታዲያ የማንን እንመን?» አለኝ። የሚስቶችን፣ የባሎችን፣ ሁለቱም «አዎ» ያሉበትን ለየብቻ በሠንጠረዥ አስቀምጬ ነበርና እሱን አሳየሁት። ደስ ያለው አልመሰለኝም። አንድ ቁጥር ነበር የፈለገው። የዚያች ሴት ቅጽ ግን በእሷ አዎ፣ በእሱ የለም፣ እንደተሞላ ገብቷል። የተስተካከለው የትውልድ ዓመታቸው ብቻ ነው።