ስልኩ የማን ነው?

መልእክቱ ደርሷል፤ እናቶቹ ግን አልመጡም። ያን ሰሞን ቢሯችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ባሕር ዳር ላይ በአንድ የጤና ፕሮጀክት ውስጥ እሠራ ነበር። የሕፃናት ክትባት ቀን ሲቃረብ ለእናትየዋ በስልክ አጭር መልእክት እንልካለን። በጣም ያሳሰበን ኩፍኝ ነበር። የመጀመሪያው ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው የሚሰጠው። በመሀል ብዙ ጊዜ አለ። ሕፃኑ ደህና ነው፣ እያደገ ነው፤ እናት ደግሞ ሥራ በዝቶባታል። ቀኑ ይረሳል።

የሶፍትዌር ባለሙያችን ላፕቶፑን ከፍቶ ዝርዝሩን አሳየን። ከየቁጥሩ ጎን «ደርሷል» ይላል። ለእሱ ስልክ አድራሻ ነው፤ መልእክቱ እዚያ ከገባ ሥራው ተሠርቷል። ደግነቱ በዚያ የሚያቆም ሰው አይደለም። ከመሳቢያው አንዲት አሮጌ ባለቁልፍ ስልክ አወጣና ያንኑ መልእክት ላከባት። ስክሪኗ ላይ የመጣው ባዶ ሳጥን ብቻ ነው፤ በረድፍ የተደረደረ። አንድም ፊደል የለም። የግእዝ ፊደል አልተጫነባትም። ሌላም ነገር ነገረን። አንድ አጭር መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄ ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ ነው፤ ካለፈ ይከፋፈላል። የእኛ መልእክት ደግሞ ገና ሰላምታው ራሱ ረጅም ነበር።

ኢኮኖሚስቱ ግን ነገሩ የፊደል ብቻ ነው መባሉ አልተዋጠለትም። እሱ ስልክን የሚያየው በሚያስገኘው ጥቅም ነው። የኬረላን ዓሣ አጥማጆች አነሣልን። ኬረላ ደቡብ ሕንድ ውስጥ ያለች ግዛት ናት። ሮበርት ጄንሰን የተባለ ኢኮኖሚስት ስለ እነሱ ያጠናውን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳትሟል። እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ኔትወርክ በባሕሩ ዳርቻ ሲዘረጋ፣ አጥማጆቹ ገና ጀልባ ላይ እያሉ ደውለው የትኛው ገበያ እንደሚሻል ይጠይቁ ጀመር። ቀድሞ ገዢ አጥቶ የሚጣል ሰርዲን ነበር። ያ ቀረ። በየገበያው የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ። «ሰው የሚጠቅመው ነገር ስልኩ ላይ ካለ ፈልጎ ያገኘዋል» አለ። ለሚመጡ እናቶች ካርድ እንሙላላቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ሶሲዮሎጂ ያጠናችው ባልደረባችን እስከዚያ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየች። «አጥማጁ እኮ ስልኩ የራሱ ነው» አለች። «የእነዚህ ሴቶች ስልክ የማን ነው?»

መልስ የሰጠ የለም። ቅጻችን ላይ ያለው «ስልክ ቁጥር» የሚል መስመር ብቻ ነበር።

እሷና ነርሷ ወደ ወረዳው ሲወርዱ አብሬያቸው ሄድኩ። የገበያ ቀን ነበር። መንገድ ዳር አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ስልክ ቻርጅ ይደረጋል። ጣውላ ላይ ስልኮች ተደርድረዋል። ከእያንዳንዱ ጀርባ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ የባለቤቱ ስም በእስክሪብቶ ተጽፎበታል። ሶሲዮሎጂስቷ ጎንበስ ብላ ስሞቹን አነበበች። ከአንዱ በቀር ሁሉም የወንድ ስም ነው። ባለሱቁ እንደነገረን፣ መብራት ከሌለበት ቀበሌ የመጣ ሰው ገበያውን ሲጨርስ ስልኩን ይወስዳል። ከዚያ ባትሪው እንዳያልቅ አጥፍቶ ያስቀምጠዋል፤ ሲፈልግ ብቻ ያበራዋል።

ከሰዓት በኋላ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አንድ ቤት ገባን። እናትየዋ ልጇን አዝላ በሰፌድ ጤፍ ታንገዋልላለች።

«መልእክት ልከንልሽ ነበር እኮ፣ እህቴ። አላየሽውም?»

«በምን አየዋለሁ? ስልኩን የልጆቹ አባት ይዞት ይውላል። ቁጥር ስትሉኝ የሱን ሰጠኋችሁ፤ የኔ የለኝም።» ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «ትልቁ ልጅ አንድ ቀን የሆነ ነገር መጥቶ ነበር ብሏል። ማስታወቂያ መስሎት አጠፋው» አለች።

የክትባት ካርዱን አወጣችልን። በፌስታል ጠቅልላ፣ ሳታጣጥፍ አስቀምጣዋለች። ነርሷ ቀኑ ማለፉን ስትነግራት «ውይ፣ በሞትኩት!» አለች። በነጋታው ልጁን ይዛ መጣች። ይቺን ሴት ነው እንግዲህ ካርድ ካልተሞላላት አትመጣም ያልናት።

ነርሷ ከዚያ ቤት ስትወጣ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር። በቀጣዩ ዙር በዚሁ ሲስተም የቤተሰብ ዕቅድ ቀጠሮም ሊላክ ታስቦ ነበርና። መርፌው በየሦስት ወሩ ነው የሚወሰደው። ከባላቸው ተደብቀው የሚወስዱ ሴቶች እንዳሉ እሷ በሥራዋ ታውቃለች። ለእሷ ስልክ ማለት የታካሚ ሚስጥር ሊወጣበት የሚችል ቀዳዳ ነው። ያ መልእክት ባልየው ኪስ ውስጥ «ደርሷል» ቢባል ሴትየዋን ምን ሊያገኛት እንደሚችል ሳስበው አሁንም ያስፈራኛል።

ቅጹ ተቀየረ። ስልኩ የማን እንደሆነና ሌላ ሰው ያየው እንደሆነ ይጠየቅበታል። የራሷ ስልክ ላላት እናት በጽሑፍ ፋንታ በድምፅ ይደወላል። የሌሎቹ ስም ዝርዝር ለኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ይላካል፤ ቤት ለቤት ስትዞር ትነግራቸዋለች። ኢኮኖሚስቱም ካርዱ ለእነዚህ ሠራተኞች ይሞላ አለ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ ከኪሳቸው እያወጡ ነበር የሚደውሉት።

የመርፌው ጉዳይ ግን አከራከረ። የሶፍትዌር ባለሙያው «ሰላም ነሽ?» የሚል ብቻ እንላክ፣ እሷ ይገባታል አለ። ነርሷ «ባሏ ማነው ሰላም የሚልሽ ቢላትስ?» አለችው። እኔ ያን ቢሮ እስክለቅ ድረስ ሁለቱ አልተስማሙም። እኔ ከነርሷ ጋር ነኝ። በአካል አግኝታ በጆሮዋ የምትነግራት ባለሙያ እዚያው ቀበሌ ውስጥ እያለች፣ በስልክ የምንልክበት ምክንያት አይታየኝም።