በግራም የማይለካው የብር ሽቦ ጥልፍ

ከጥምቀት በፊት ያሉት ሳምንታት ለእኛ ለጎንደር ብር ሠሪዎች የሥራ ወቅት ናቸው። ድሪ፣ መስቀል፣ ቀለበት የሚያዝ ይበዛል። እኔ ዘንድሮ ሐሳቤን ሰብስቤ የሽቦ ጥልፍ ጉትቻ ላይ ነኝ። የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

አንዲት ደንበኛ ከአያቷ የወረሰችውን ጠገራ ብር፣ የድሮውን የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ፣ ይዛ መጣች። "ከዚሁ ሥሪልኝ" አለችኝ። ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከ1,000 እጁ 833 ያህሉ ንጹሕ ብር ነው፣ ቀሪው በአብዛኛው መዳብ። መዳቡ ስለሚበዛ ሽቦው ሲሳብ ቶሎ ይደርቃል፣ እሳት ሲያገኘው ይጠቁራል። ወደ 925 ብር፣ ማለትም ከ1,000 እጁ 925 ንጹሕ ወደሆነው፣ ለማድረስ በአንዱ ጠገራ ላይ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር አለበት። ሒሳቡን በወረቀት አሳየኋት፣ ተስማማች። ቅርስ ማቅለጥ ስለሚከብደኝ ደጋግሜ ጠይቄያት ነው ወደ እሳቱ የሄድኩት።

ሽቦውን ስስብ በየመሃሉ አግዬ አለሰልሰዋለሁ። ክፍሉን ጨለም አድርጉት፤ ፀሐይ ላይ የብሩ መቅላት አይታይም። ከዚያ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ አንድ ላይ ገምዶ በመዶሻ ጠፍጠፍ ማድረግ ነው። ጠርዙ ጥቃቅን ጥርስ ያወጣል፤ የጥልፉ ውበት እሱ ነው። በወረንጦ ጠምዝዤ ክፈፉ ውስጥ ስከተው ሳይበየድም ጠበቅ ብሎ መቆም አለበት። ከላላ እሳቱ ላይ ይንሸራተታል።

ብየዳው ላይ ትልቁ ነገር ነበልባሉን የት እንደምትይዙት ነው። የቀለጠ መበየጃ ወደ ሞቀው ይሄዳል። ወፍራሙ ክፈፍ ዘግይቶ ይሞቃል፣ ቀጭኑ ሽቦ ይቀድመዋል። 925 ብር ደግሞ 800 ዲግሪ ገደማ ላይ መላላት ይጀምራል። ስለዚህ እሳቱን ክፈፉን እያዞርኩ ነው የምሰጠው፣ ጥልፉን በቀጥታ አልነካውም። መበየጃው እንዲፈስ የምቀባው ቦራክስ መጀመሪያ ይነፋል፣ ቀጥሎ ይረጋና ያንጸባርቃል። ያኔ ዓይናችሁን አትንቀሉ።

አሁን ወደ ዋጋው። ገበያ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ "ስንት ግራም ነው?" ነው። ለድፍን አምባር ያስኬዳል። ጥልፍ ግን በቀለለ ቁጥር ድካሙ ይብሳል፤ በግራም ከተሸጠ ጎበዙ ነው የሚከስረው። ስለዚህ ደረሰኝ ላይ ለይቼ እጽፋለሁ፦ የብሩ ይህን ያህል፣ የእጅ ይህን ያህል። አዲስ ነገር አይደለም። ድሮም ባለጉዳይ ጠገራውን ይዞ እየመጣ ለአንጥረኛው የእጁን ይከፍል ነበር። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ወለቃ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ሥራቸው እየተፈለገ "ቡዳ" ይባሉ ነበር። የእጅን ሥራ አርክሶ ማየት ከዚያ የተረፈ ይመስለኛል፤ በጣምም ያበሳጨኛል። ተከራክሮ የሚሄድ አለ፣ ይሂድ። የእጄን አልቀንስም።

የጠገራዋ ባለቤት ጉትቻዋን ወስዳለች፣ ከተረፈው ብር ደግሞ ለልጇ ቀለበት አዛለች። እኔ አሁን የምፈልገው ከ0.4 ሚሊ ሜትር በታች የሚያወርድ የሽቦ መሳቢያ ነው። የት እንደሚገኝ የምታውቁ ንገሩኝ።