ታይፕ ሬቲንግ ከመክፈልህ በፊት ስልክ ደውል

ደሴ በመጣሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። የንግድ በረራ ፈቃዱን ውጭ አገር አውጥቶ የተመለሰ ልጅ፣ አንዳንዴም እናቱ ወይም አባቱ፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «የትኛውን ጄት ይማር?» ይሉኛል። ታይፕ ሬቲንግ ማለታቸው ነው፤ አንድን የጄት ዓይነት ለማብረር ሠልጥነህ ፈቃድህ ላይ የሚጻፍልህ ማረጋገጫ። ከጥያቄው ጀርባ የእቁብ ብር አለ፣ ኮምቦልቻ የተሸጠ ቦታ አለ፣ ዓረብ አገር ያለች እህት የላከችው ገንዘብ አለ። ስለዚህ የማውቀውን እዚህ ልዘርግፈው።

መልሴ አጭር ነው። የምትወደውን ጄት አትምረጥ። አብራሪ ሲጎድለው አንተ ጋ የሚደውል ሰው ያለበትን ጄት ምረጥ።

ይህን የምለው በኮንትራት ለመሥራት ለሚያስብ ልጅ ነው። የኮንትራት አብራሪ ቋሚ ደመወዝ የለውም። የሚከፈለው በቀን ነው። የድርጅቱ ካፒቴን ሲታመም፣ እረፍት ሲወጣ ወይም ለሥልጠና ሲሄድ ክፍተቱን ይሞላል። ጥሪው ድንገት ነው የሚመጣው፣ «ነገ ጠዋት ናይሮቢ መድረስ ትችላለህ?» ተብሎ። በዚያ ሰዓት ሲቪ የሚያገላብጥ የለም፤ የሚያውቁት ሰው ጋ ነው የሚደውሉት።

እና መጀመሪያ ሥራውን አጥና። ናይሮቢ ዊልሰን፣ ጆሃንስበርግ ላንሴሪያ ወይም ዱባይ፣ ልትሠራበት በምታስበው ቦታ የትኞቹ ጄቶች እንደሚቆሙ ጻፍ። ከዚያ ኦፕሬተሮቹ ጋ፣ ማለትም ጄቶቹን የሚያሠሩት ድርጅቶች ጋ፣ ደውል። ከድርጅቱ ውጭ ያለ አብራሪ በኮንትራት ይቀጥሩ እንደሆነ ጠይቅ። ዋናው ግን ኢንሹራንሳቸው በዚያ ጄት ላይ ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ነው። ብዙ ልጆች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ሬቲንጉ ፈቃድህ ላይ ይጻፋል፣ በዚያ ጄት ላይ ያለህ ሰዓት ግን ዜሮ ነው፣ ኢንሹራንሱም አይቀበልህም። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ረዳት አብራሪ አድርጎ የሚያበርርህ ሰው ሳታገኝ ከከፈልክ ወረቀት ታቅፈህ ትቀራለህ።

የአውሮፕላኑን ምዝገባም ጠይቅ። በ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት አንቀጽ 32 መሠረት፣ በዓለም አቀፍ በረራ የአብራሪው ፈቃድ አውሮፕላኑ በተመዘገበበት አገር የተሰጠ ወይም የጸደቀ መሆን አለበት። ምዝገባው በኤን ከጀመረ አሜሪካ ነው፣ በ5ዋይ ከጀመረ ኬንያ፣ በቲ7 ከጀመረ ሳን ማሪኖ። የአገራችን ፈቃድ ብቻውን የማይበቃበት ቦታ ብዙ ነው፤ የማስጸደቁ ወጪና ጊዜም ከሒሳብህ ውስጥ ይግባ።

ወደ ጄቶቹ ስንመጣ፣ ሲኢ-525 የሚባለው ሬቲንግ ሲቴሽን ከሚባሉት የሴስና ጄቶች ከሲጄ1 እስከ ሲጄ4 ያሉትን ይሸፍናል፣ ኤም2ንም ይጨምራል። በአንድ ሬቲንግ ይህን ያህል አውሮፕላን ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ችግሩ እነዚህ ጄቶች በአንድ አብራሪ እንዲበሩ የተፈቀደላቸው መሆናቸው ነው። ባለቤቱ ራሱ ሊያበርራቸው ይችላል። ፌኖም 300 የሚባለው ጄትም ያው ነው። ለኮንትራት ሥራ ሁለት አብራሪ የግድ የሚፈልግ ጄት ይሻላል ባይ ነኝ። ሲቴሽን ኤክስኤልኤስ አንዱ ነው። ቻሌንጀር 604 ሌላው፤ በአሜሪካ አሠራር ሬቲንጉ 605ንና 650ንም ይይዛል፣ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት መማር እንዳለ ሆኖ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰው የሚያውቅ ልጅ ቻሌንጀርን ቢይዝ ደስ ይለኛል።

ሊርጄት ላይ ግን ቀስ በሉ። አምራቹ ቦምባርዲየር ማምረት እንደሚያቆም እ.ኤ.አ. በ2021 አስታወቀ፣ የመጨረሻዋንም በ2022 አስረከበ። ሀውከርም እንደዚሁ የቆመ መስመር ነው። የሚበሩ አሉ፣ ሥራም ይገኛል፣ ግን በየዓመቱ ቁጥራቸው የሚቀንስ አውሮፕላን ላይ የቤተሰብ ገንዘብ ማፍሰስ ይከብደኛል። ገልፍስትሪም ደግሞ ለጀማሪ አይሆንም፤ ሥልጠናው እጅግ ውድ ነው።

አሁን ለእኛ ልጆች የሚጠቅም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 6,100 ጫማ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 25 ይመጣል። ሙቀት አየሩን ስለሚያሳሳው፣ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ከፍታ ስንጨምር 3,000 ይሆናል። ማለትም ሞተሩም ክንፉም ከ9,000 ጫማ በላይ እንዳሉ ሆነው ነው የሚሠሩት። እዚህ ላይ ልክ ቪ1 ሲደረስ፣ ማለትም መነሳቱን ማቋረጥ የማይቻልበት ፍጥነት ላይ፣ አንዱ ሞተር ቢጠፋስ? በትራንስፖርት ደረጃ የተመሰከረለት ባለ ሁለት ሞተር ጄት ጎማውን ካጠፈ በኋላ በቀረው አንድ ሞተር ቢያንስ 2.4 በመቶ፣ ማለትም ወደፊት በሄደ በየ100 ሜትሩ 2.4 ሜትር፣ መውጣት መቻል አለበት። ያንን ለማሟላት ክብደት ይቀነሳል፤ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ነዳጅ ነው፤ ነዳጁ ሲቀንስ በአንድ በረራ ትደርስበታለህ የተባለው ከተማ ይርቃል። ዙሪያው ደግሞ ተራራ ነው። ላሊበላም አዲስ አበባም ሒሳቡ ይኸው ነው፣ ቦሌ እንዲያውም ከ7,600 ጫማ ያልፋል። ይህን ሒሳብ ከአውሮፕላኑ የአቅም ሠንጠረዥ ላይ ፈጥኖ የሚያወጣ፣ አካባቢውንም የሚያውቅ ረዳት ለውጭ ካፒቴን ትልቅ እርዳታ ነው። ስትደውሉ ይህን ተናገሩ። ጄት ስትመርጡም ብሮሹሩ ላይ ያለውን ርቀት ትታችሁ ከከፍታ ቦታ በሙቀት ሲነሳ ምን ያህል እንደሚሸከም ጠይቁ።

ወጪው በአንድ ጊዜ አያበቃም። በአውሮፓ ሬቲንጉ በየዓመቱ ይታደሳል። በአሜሪካ ሬቲንጉ ራሱ አያልፍበትም፤ ሁለት አብራሪ የሚፈልግ ጄት በካፒቴንነት ለማብረር ግን በ12 ወር ውስጥ የተሰጠ የብቃት ፈተና ያስፈልጋል። ቋሚ ሠራተኛ ድርጅቱ ይከፍልለታል፣ የኮንትራት አብራሪ ግን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ነው። ለዚህ ነው ገና ሳትሠራ ሁለት ሬቲንግ አትሰብስብ የምለው።

የማሠልጠኛውን ውል መስመር በመስመር አንብቡ። አንዳንዱ ኮርስ የሚሰጠው ለረዳትነት ብቻ የሚሆን ሬቲንግ ነው፣ በኋላ ለካፒቴንነት እንደገና ትከፍላላችሁ። ስንት ሰዓት ሲሙሌተር እንደሚካተት፣ ፈተናው ላይ ብትወድቁ ተጨማሪው ወጪ በማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስጧችሁ። ትምህርቱ አሜሪካ ከሆነ ከቪዛው ሌላ የቲኤስኤ፣ የአሜሪካ ትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድም አለ። እና አብሽሩ፣ ለመጠየቅ አትፍሩ፦ ቪዛ ብከለከል ቀብዱ ይመለሳል ወይ? ይህ ውሉ ላይ ካልሰፈረ ሙሉ ክፍያውን አትላኩ።