ጠበቅ አድርጎ መያዝ

ዛሬ በግራ እጄ ካርቶን ደግፌ በቀኜ ሰንጢ ለመክፈት ስታገል፣ በጥርሴ ልስበው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሌባ ጣቴ ይጫናል፣ ስለቱ ንቅንቅ አይልም። ተናድጄ ካርቶኑን ተውኩትና ያሉኝን ሰንጢዎች ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ።

የፈረንሳዩ ሰንጢ ኦፒኔል በአንድ እጅ ከመክፈት ውድድር ውጪ ነው፤ ከእ.ኤ.አ. 1890 ጀምሮ የሚታወቅ፣ በጥፍር የሚከፈት፣ ሁለት እጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ነው። አላስቸገርኩትም። የአሜሪካው ሰንጢ አምራች ስፓይደርኮ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለቱ ላይ ክብ ቀዳዳ ያበጀለት ሰንጢ አወጣ፤ አውራ ጣት ቀዳዳዋ ውስጥ ገባ ይልና ስለቱን እየገፋ ይከፍተዋል። ፍጥነቱ በእጄ ስለሆነ ይህን እወደዋለሁ።

ያስቸገረኝ ሦስተኛው ነው፤ ከጀርባው ብቅ ያለችውን ጆሮ በሌባ ጣት ሲጫኗት የሚፈናጠረው። ስለቱ በኩሽኔታ ላይ ስለሚዞር ከሁሉም ይልቅ ለስላሳው እርሱ ነበር መሆን ያለበት። ውስጡ ግን ከሰናፍጭ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ የብረት ኳስ አለች፤ ስለቱ ኪስ ውስጥ እንዳይከፈት አንቃ የምትይዘው እርሷ ናት። ጣት ኳሷን ካሸነፈ በኋላ ስለቱ በራሱ ይወነጨፋል። ኳሷ የተተከለችው ደግሞ የተከፈተው ስለት እንዳይታጠፍ የሚይዘው መቆለፊያ ላይ ነው፤ የዚህ ሰንጢ መቆለፊያ ደግሞ የእጀታው አንድ ጎን ራሱ ነው። እኔ እንዳያመልጠኝ ብዬ እጀታውን ጨምቄ በያዝኩት ቁጥር ኳሷን ስለቱ ላይ እየተጫንኳት ኖሯል።

ጣቶቼን ከዚያ ጎን አነሳሁና እንደገና ሞከርኩ። ጠቅ!

ስንት ነገር በዚህ ዓይነት ጨምቄ ይዤ እምቢ አለኝ እንዳልኩ እያሰብኩ ሃያ ጊዜ ያህል ከፈትኩት፣ ዘጋሁት። ካርቶኑ ግን እስካሁን እንደታሸገ ነው።