ግድግዳውን ያልነካው ግድግዳ

ቬኒስ የደረስኩት በ2017 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ፣ ማክሰኞ ቀን ነበር፤ ላየው የመጣሁት የሥነ ጥበብ ማሳያ፣ ፓላትሶ ግራሲ፣ ደግሞ ማክሰኞ ዝግ ነው። ይህን አስቀድሞ ማጣራት የነበረብኝ እኔ በመሆኔ ማንንም አልወቅስም። ሆኖም ከባቡር ጣቢያው በታላቁ ቦይ ላይ ለሚያመላልሰው ጀልባ የከፈልኩት 9.50 ዩሮ እስከ ማታ ሲቆጨኝ ዋለ፤ ቲኬቱ የሚያገለግለው ለ75 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ በማግስቱ ያንኑ ያህል ደግሜ ከፍያለሁ። ቦሎኛ ለምትኖረው እኅቴ ስልክ ደውዬ ስነግራት «ሲሚንቶ ሲወደድ እንኳ እንዲህ አላማረርክም» ብላ ሳቀችብኝ። ያደርኩት ከውኃው ማዶ መስትሬ ሲሆን፣ የክፍሌ መስኮት በደንብ ስለማይገጥም የመኪና ድምፅ እየሰማሁ አነጋሁ። ሃያ ዓመት በሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራ ለቆየ ሰው ከጫጫታው ይልቅ የማይገጥም መስኮት ያበሳጫል።

ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሳን ሳሙኤሌ በተባለው የጀልባ ማቆሚያ ወረድኩ። ከፓላትሶ ግራሲ ጎን ያለችውን አደባባይ ቬኒሶች «ካምፖ» ማለትም ሜዳ ይሏታል፤ ፒያሳ የሚሉት የሳን ማርኮን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ፒያሳ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ትንሽ ቅር ያሰኛል።

ቤቱ ከቦዩ ዳር ነጭ ለብሶ ቆሟል። አርክቴክቱ ጆርጆ ማሳሪ እ.ኤ.አ. በ1748 ጀመረው፤ በ1772 ሲያልቅ ግን እርሱ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር። ያሠሩት ግራሲዎች ከኪዮጃ ከተማ የመጡ፣ መኳንንትነቱን በገንዘብ የገዙ ባለጸጎች ናቸው። ከእነርሱ በኋላ ቤቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1983 የመኪና አምራቹ ፊያት ገዛው፤ ጋኤ አውሌንቲ የተባለችው አርክቴክት ከአንቶኒዮ ፎስካሪ ጋር አድሳው በ1986 የሥነ ጥበብ ማሳያ ሆኖ ተከፈተ። ፊያትን ለረጅም ዘመን የመራው ጃኒ አኜሊ በ2003 ካረፈ በኋላ ፊያት እጁን ሲያወጣ፣ ጉቺን ያቀፈው የኬሪንግ ኩባንያ መሥራች ፍራንሷ ፒኖ ፓሪስ አጠገብ ያቀደው ሙዚየም ስላልተሳካለት በ2005 አብዛኛውን ድርሻ ገዛ፤ ጃፓናዊው አርክቴክት ታዳኦ አንዶም አድሶት በ2006 ሚያዝያ እንደገና ተከፈተ።

በትልቁ ደረጃ ስወጣ ግድግዳው ላይ የተሳሉት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች በረንዳቸውን ተደግፈው ቁልቁል አዩኝ። ሥዕል መሆናቸውን እያወቅሁ እንኳ ኮቴን አስተካከልኩ።

ያስገረመኝ የአንዶ ሥራ ነው። በየክፍሉ ያቆማቸው ነጭ ፓርቲሽኖች ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ እንጂ አሮጌውን ግድግዳ የሚደገፉ አይደሉም፤ በመካከላቸው ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሥዕሉ የሚሰቀለው በአዲሱ ላይ በመሆኑ አሮጌው ልስን ሚስማር አያየውም፤ ነገ ባለቤቱ ሐሳቡን ቢቀይር ፓርቲሽኑ ይነሣል፣ ቤቱ እንደነበረ ይቀራል። ጎንበስ ብዬ ክፍተቱን ስመለከት የክፍሉ ጠባቂ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሴት፣ የጠፋብኝ ዕቃ ያለ መስሏቸው መጡ። በተሰባበረ ጣሊያንኛ ግንበኛ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካና እጄን ይዘው ወደሚቀጥለው ክፍል ወሰዱኝ። ነጩ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሳይደርስ ስለሚያቆም፣ የጣሪያው ሥዕል ከጥግ እስከ ጥግ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ሴትዮዋ ምንም አላብራሩልኝም፤ በጣታቸው ወደ ላይ እያመለከቱ አብረውኝ ብቻ ቆሙ።

እኛ ዘንድ እድሳት ሲባል የመጀመሪያው ትእዛዝ «ልስኑን አርግፉት» ነው፤ ይህን ትእዛዝ እኔም ስንት ጊዜ ሰጥቻለሁ። ባንኮቻችን የሚፎካከሩት በፎቅ ብዛት ነው። ሥዕል ከገዙም እንግዳ መቀበያው ላይ ይሰቅሉታል። የራስ ብሩ ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኖ መትረፉ ደስ ይለኛል፤ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የፈረሱትን ቤቶች ሳስብ ግን የፒኖ ገንዘብ ሳይሆን የፒኖ ትዕግሥት ያስቀናኛል። ለነገሩ አንድ ባለጸጋ የገዛውን ሥዕል በገዛው ቤት ለሕዝብ ማሳየቱ ስሙንም ለማግዘፍ እንደሚጠቅመው አልጠፋኝም።

በዚያ ሰሞን ቤቱን የያዘችው አዲስ አበባ የተወለደችው ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ነበረች። «አንሳምብል» በተባለው ትርኢት የ25 ዓመት ሥራዎቿ ከወዳጅ ሠዓሊዎቿ ሥራዎች ጋር ቀርበዋል። በቀደሙት ሸራዎቿ ላይ የሕንፃ ንድፎች በቀለምና በቀጫጭን መስመሮች ሥር ተደራርበው ይታያሉ። ብዙ ተመልካች ራቅ ብሎ ያያቸዋል፤ እኔ ግን ተጠግቼ ዓምዱንና ደረጃውን እንደ ሥራ ፕላን ማንበብ ጀመርኩና አንዱ ሸራ ፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየሁ።

ከሰዓት በኋላ ፓላትሶ ቦላኒ ሄጄ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም አቀፉ የሥነ ጥበብ ትርኢት፣ በቬኒስ ቢየናሌ፣ የከፈተችውን የሠዓሊ ተስፋዬ ኡርጌሳን ትርኢት አየሁ፤ ስለ እርሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። በመንገዴ ላይ ቁጭ ብዬ ለጠጣሁት አንድ ስኒ ቡና ስድስት ዩሮ አስከፍለውኛል፤ ቆሜ ብጠጣ ኖሮ ዋጋው ከሩቡ ብዙ እንደማይበልጥ ያወቅሁት ዝርዝሩን ግድግዳ ላይ ሳይ ነው።

ጉለሌ የሚገኝ፣ የእንጨት በረንዳ ያለው አንድ አሮጌ ቤት ለደንበኛ እያደስኩ ነው። ወደ ጣቢያው በሚመልሰኝ ጀልባ ላይ ሆኜ ለፎርማኑ «ሰኞ ልስኑን ማርገፍ እንዳትጀምሩ፤ እስክመጣ ጠብቁኝ» ብዬ ላክሁለት። መልሱ ሳንወርድ ደረሰኝ፦ «እሺ ኢንጂነር። የሠራተኞቹን የቀን ሒሳብ ማን ይከፍላል?»