አፓርታማ ያልተሠራበት ጭቃ

አውስትራሊያ ውስጥ ከብሪዝበን መሀል ከተማ እስከ ክሊቭላንድ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ዋጋው 50 ሳንቲም፤ በክፍለ ግዛቱ በኩዊንስላንድ የሕዝብ ትራንስፖርት ሩቅም ተሄደ ቅርብ ሂሳቡ ያው ነው። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ወርጄ ወደ ቱንዳ ወደብ አቀናሁ። ሰው እዚያ የሚሄደው በአብዛኛው ወደ ሚንጀሪባ ደሴት በጀልባ ለመሻገር ነው። እኔ ግን የሄድኩት ጭቃውን ለማየት ነው።

ባሕሩ ሲሸሽ በወደቡ ግራና ቀኝ ሰፊ ግራጫ ጭቃ ይቀራል። ዳር ዳሩን ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውኃ ውስጥ የሚያድግ ዛፍ በቅሏል። ሽታው ደስ አይልም፤ ለማያውቀው ሰው ምንም የሌለበት ቦታ ይመስላል። ጭቃው ውስጥ ግን ሸርጣኑ፣ ትሉ፣ ቀንድ አውጣው ሙሉ ነው።

በዕድሜ የገፉ አንዲት የአካባቢው ሴት ቢኖኩላራቸውን አዋሱኝ። «ከማንግሮቩ ፊት ለፊት እይ» አሉኝ። አየሁት። ኢስተርን ከርሉ የሚሉት ወፍ ነው፤ ቡናማ ነው፣ ወደ ታች የተቆለመመ ረጅም ምንቃር አለው። ምንቃሩን ጭቃው ውስጥ እስከ ሥሩ ሰደደና ሸርጣን ይዞ ወጣ። የሸርጣኑን እግሮች አራግፎ ጣለና ዋጠው። ደጋግሞ እንዲሁ አደረገ። ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

ይህ ወፍ የሚራባው ምሥራቅ ሩሲያና ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ነው። ከዚያ አውስትራሊያ ድረስ ወደ 10,000 ኪሎ ሜትር ይበራል። በመንገዱ የሚያርፍበት የቢጫው ባሕር ዳርቻ በብዛት ተደፍኖ የግንባታና የፋብሪካ ቦታ ሆኗል። በ30 ዓመት ውስጥ ቁጥሩ 80 በመቶ ያህል ወርዷል። ለመልሱ ጉዞ የሚሆነውን ስብ የሚያጠራቅመው እንዲህ ባለ ጭቃ ላይ ነው።

ዎከር ኮርፖሬሽን የተባለው አልሚ እዚህ 3,600 አፓርታማ፣ ሆቴል፣ ሱቆችና የጀልባ ማቆሚያ ሊሠራ አቅዶ ነበር። አብዛኛው ግንባታ የሚያርፈው ጭቃው ላይ ነው። ወደቡ ያለበት የሞርተን ባሕረ ሰላጤ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ረግረጋማ ሥፍራዎችን ለመጠበቅ በተደረገው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት የተመዘገበ ነው። ያም ሆኖ በ2013 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ወደቡን ቅድሚያ የሚሰጠው የልማት ቦታ ብሎ ሰየመው። ሙግቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ። የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ ለአስተያየት ሲቀርብ ከ26,000 በላይ አስተያየት ጎረፈ፤ የሚበዛው ተቃውሞ ነበር። ሚያዝያ 2024 የፌዴራሉ የአካባቢ ሚኒስትር ታንያ ፕሊበርሴክ ዕቅዱን ሊከለክሉ እንዳሰቡ አስታወቁ። በቀናት ውስጥ ኩባንያው ማመልከቻውን አነሣ።

እኔን ከሁሉም በላይ የነካኝ ግን ቆጠራው ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጎ ፈቃደኞች በዚህ ባሕረ ሰላጤ ወፎቹን ይቆጥራሉ። ባሕሩ ሲሞላ ወፎቹ ማረፊያቸው ላይ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ አንድ በአንድ ይመዘገባሉ። ሴትየዋን ቆጠራው ምን እንዳተረፈላቸው ጠየቅኳቸው። «ቦታው ባዶ ነው ሲሉን ወረቀታችንን አውጥተን አሳየን» አሉ። ያ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ክርክሩ ስሜት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ይህን ሲሉ የአብያታ ሐይቅ ትዝ አለኝ። ውኃው እየተቀዳ እየሸሸ፣ ጨውነቱ እየጨመረ ሲሄድ ዓሣው አለቀ። በአጎራባቹ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጎጆ የሚሠሩት ፔሊካኖች ምግብ የሚያመጡት ከዚያ ነበር። ሐይቁ ያለው ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ነው። በጊዜው «አይሆንም» የሚል ቢኖር እላለሁ፣ አሁንም ያንገበግበኛል።

የቤት ችግሩ ቀላል ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ብሪዝበን ያሉ ወዳጆቼ በኪራይ ተማርረዋል። ግን አፓርታማ ሌላ ቦታ ይሠራል፤ ከሳይቤሪያ ለሚመጣ ወፍ ሌላ ጭቃ መሥራት አይቻልም። ወደቡ ራሱ እድሳት ይፈልጋል፤ መኪና ማቆሚያውም ተርሚናሉም አርጅቷል። እሱን ባለበት ቦታ ማደስ ይቻላል፣ መታደስም አለበት።

ለመሄድ ካሰባችሁ ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሂዱ። የባሕሩን መሙያና መጉደያ ሰዓት አስቀድማችሁ እዩ፤ መጉደል ሲጀምር ድረሱ። ቢኖኩላር ያዙ። ወደ ጭቃው አትውረዱ፤ ከርሉ ሰው ከመቶ ሜትር በላይ ርቆ እያለ እንኳ ደንግጦ ሊነሣ ይችላል፣ በተነሣ ቁጥር ደግሞ ያጠራቀመውን ስብ ያቃጥላል።